ከሆባርት ወደ ፖርት አርተር፦ በአስጎብኚ የሚደረገው የአንድ ቀን ጉዞ ለአባቴ ይሆናቸዋልን?

የከዚራው (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር በአውስትራሊያዋ የታዝማኒያ ደሴት፣ በሆባርት ከተማ ትኖራለች፤ በመጪው ጥር ወር እኔና አባታችን ከድሬዳዋ ተነሥተን ልንጠይቃት ተዘጋጅተናል። ካሰበችልን ነገር አንዱ፣ ጠዋት ከሆባርት በአውቶቡስ ተነሥቶ የታዝማን ባሕረ ገብ ምድርን ዳርቻ እያስጎበኘ፣ ፖርት አርተር ወደሚባለው የጥንት የግዞት ሠፈር አድርሶ ማታ የሚመልስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ቦታውን የሚያውቁ ሰዎች ምን እንደሚሉ ለመስማት ነው የምጽፈው።

አባቴ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ሲሠሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ዳገት አይችልም፤ የማወቅ ፍላጎታቸው ግን እንደ ወጣት ነው። ታሪካዊ ቦታ ሄደው የአዛዦችና የመኳንንት ስም ብቻ ሲነገራቸው ቅር ይላቸዋል። ሐረር ጁገልን ባየንበት ጊዜ አስጎብኚውን የጠየቁት፣ በሩን ማታ ማን ይዘጋው እንደነበር፣ ቁልፉ የት ያድር እንደነበርና መሽቶበት የደረሰ ነጋዴ የት ይተኛ እንደነበር ነው። እንዲህ ላለ ሰው በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ውብ የባሕር ዳርቻ እይታ» ጊዜ ማባከኛ እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ በአውቶቡሱ መሄድ ይሻላል ወይስ እህቴ እረፍት እስክታገኝ ጠብቀን በመኪናዋ? በቦታው የምናገኘው ጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነ የቱን አስቀድመን የቱን ብንተው ይሻላል? ከዚህም ሌላ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሰው ሲገረፍና ሲታሰር በኖረበት ሥፍራ እንደ ሽርሽር ሄዶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ ለአባቴም ለእኔም ቀላል አይመስለኝም። ቦታው በምን ዓይነት አክብሮት እንደሚታይ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


ሳቢያን ያደገች (ሆባርት)

ሰላም ወንድሜ፤ አባታችን እንኳን ለመንገዱ አበቃቸው። እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ስሆን አሁን የምኖረው እህትህ ባለችበት ከተማ ነው፤ ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥርም ወደ ፖርት አርተር የምወስደው እኔ ነኝ።

ከሆባርት እስከዚያ መንገዱ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። በቅጥር ግቢው ውስጥ የራሱ የቦታው አስጎብኚዎች አሉ፤ እኛ በሄድንባቸው ጊዜያት የመግቢያ ትኬቱ በእነርሱ የሚመራውን የመግቢያ ገለጻና አጭር የወደብ የጀልባ ጉዞ ጭምር የያዘ ነበር። ስለዚህ በእህትህ መኪና ብትሄዱም ያለ አስጎብኚ አትቀሩም። ትኬቱ ለሁለት ተከታታይ ቀናት ያገለግል ስለነበር፣ ጉልበታቸው ለሚያማቸው አባት ጉብኝቱን በሁለት ቀን ከፋፍሎ ማየት ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህ አሁንም እንዳለ እህትህ ታረጋግጥ። የአውቶቡሱ ጥቅም ደግሞ እህትህ ከሥራ በማትወጣበት ቀን መሄድ መቻላችሁ ነው። እዚህ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ፣ አንተ ራስህ መኪና ተከራይተህ አባትህን ይዘህ በማታውቀው ጠመዝማዛ መንገድ ብትወጣ ግን አልመክርህም። በተለይ ሲመሽ የዱር እንስሳት አስፋልቱን እያቋረጡ ብዙ አደጋ ይደርሳል።

አውቶቡሱን ከመረጣችሁ ለጉዞ ድርጅቱ የሚቀርበው ዋናው ጥያቄ በግዞት ሠፈሩ ውስጥ ስንት ሰዓት እንቆያለን የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ዘመዶቼን በአንድ ድርጅት አውቶቡስ ልኬ፣ መንገድ ላይ በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫና በምግብ ቤት ብዙ ጊዜ ካባከኑ በኋላ እዚያ ሲደርሱ ገና ዋናውን ሕንፃ ሳይጨርሱ ተጠርተው ተመልሰዋል። እኔ በዚያ ግቢ ውስጥ ከአራት ሰዓት በታች የሚሰጥ ጉዞ ለአባትህ አልገዛም። ሥፍራው 40 ሄክታር ያህል ስፋት ያለው፣ ከሠላሳ በላይ ሕንፃዎችና ፍርስራሾች የሚገኙበት ነው፤ በሩጫ አይታይም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ በውሃው ዳር ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ከቆመው ትልቁ የጡብ ሕንፃ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በ1840ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የዱቄት ወፍጮና የእህል ጎተራ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የውሃው ኃይል አልበቃ ሲል ወፍጮውን ያዞሩ የነበሩት በትልቅ መንኮራኩር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚረግጡ እስረኞች ነበሩ። በኋላ በ1857 ወደ ወህኒ ቤት ተለወጠ፤ ከታች ጠባብ ክፍሎች፣ ከላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አልጋዎች የተደረደሩበት አዳራሽ ነበረው። በ1897 የሰደድ እሳት በልቶት ዛሬ የቀረው ጣሪያ የሌለው ግድግዳና ባዶ የመስኮቶች ረድፍ ነው። ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ወደ ላይ ሲታይ የአልጋው ወለል የተቀመጠበትን የግንድ ቀዳዳ በዓይን መከተል ይቻላል፤ እንደ አባትህ ያለ ሰው እዚያ ብዙ የሚያየው ያገኛል።

ቀጥሎ ዳገቱ ላይ ያለውን የተናጠል እስር ቤት ማየት አለባችሁ። ከዚያ ግቢ አንድ ሕንፃ ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው። በዚያ የሚታሰረው ሰው በቀን 23 ሰዓት በክፍሉ ብቻውን ይዘጋበታል፤ ለጥቂት ጊዜ ሲወጣም ማንም እንዳያውቀው ፊቱን በጭንብል ይሸፍኑታል፤ በስሙ ፈንታ በቁጥር ይጠራል፤ ማንንም ማናገር አይፈቀድለትም። ዘበኞቹ እንኳ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ለስላሳ ጫማ ያደርጉ ነበር። በጸሎት ቤቱ ውስጥ እያንዳንዱ እስረኛ የሚቆመው በሁሉም በኩል በሳንቃ በተከለለ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሰባኪውን ብቻ እንዲያይ ተደርጎ ነው። እነዚያ ሣጥኖች ዛሬም ገብተው የሚቆሙባቸው ስለሆኑ ማንም ሳያስረዳህ ነገሩ ይገባሃል። ብርሃን ፈጽሞ የማይገባበት የቅጣት ክፍልም አለ፤ አባትህ ጨለማ የሚያስጨንቃቸው ከሆነ አስቀድመህ ንገራቸው።

ለዳገቱ አትስጋ፤ ለመራመድ ለሚቸገሩ ጎብኝዎች የሚያገለግሉ ትንንሽ መኪኖች ስላሉ እንደደረሳችሁ በመግቢያው ጠይቁ። ጥር እዚህ የበጋ ወር ነው፤ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 22 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ከደቡብ የሚመጣው የባሕር ንፋስ ለድሬዳዋ ሰው ብርድ ነውና ወፍራም ጃኬት ከእጃችሁ አይለይ። ፀሐዩም ቶሎ ያቃጥላል፤ ኮፍያ ያዙ።


ጡረተኛው መምህር (ድሬዳዋ፣ ለገሃር)

ለጠያቂው ወንድሜና ለእህቴ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ልጄ ዘንድ ሄጄ በቆየሁበት ጊዜ ሥፍራውን ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ፤ ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ በመሆኔም ብዙ አንብቤበታለሁ። እህታችን የጻፈችውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የባሕር ዳርቻውን ዝም ብላ በማለፏ ግን አልስማማም። በፖርት አርተር ዙሪያ ከፍ ያለ አጥር ፈልጋችሁ አታገኙም። አጥሩ ባሕሩ ነበርና፣ የመንገዱ ጉብኝት የወህኒ ቤቱ ጉብኝት አንድ ክፍል ነው።

የታዝማን ባሕረ ገብ ምድር ከሌላው ደሴት ጋር የሚገናኘው ኢግልሆክ ኔክ በምትባል ቀጭን ልሳነ ምድር ነው፤ በጠባቡ በኩል ወርዷ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከ1830ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ከዳር እስከ ዳር በሰንሰለት የታሰሩ ጨካኝ ውሾች ይደረደሩ፣ ሌሊት መብራት ይበራ፣ ወታደሮች ይጠብቁ ነበር። በጥልቁ ውሃ በኩል እንዳይታለፍም በባሕሩ ውስጥ በተሠራ መድረክ ላይ ውሾች ያስቀምጡ ነበር። ባሕሩ ሻርክ የሞላበት ነው የሚለው ወሬም ግዞተኛው ጆሮ እንዲደርስ ይደረግ ነበር። ያም ሆኖ ማርቲን ካሽ የሚባለው ፍርደኛ በ1842 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ያንን ውሃ ዋኝቶ አምልጧል። በ1832 ገደማ የተሠራው የመኮንኖቹ የእንጨት ቤት ዛሬም እዚያው ቆሞ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ የውሻ ምስልም ቆሟል። ስለዚህ አውቶቡሱ ወደ ፖርት አርተር ሲሄድ፣ ማለትም ከመግባቱ በፊት፣ ኢግልሆክ ኔክ ላይ ይቁም። ከጉብኝቱ በኋላ በመመለሻው ላይ ሲሆን ሰው ደክሞት ከመቀመጫው አይነሣም፤ የነገሩም ቅደም ተከተል ይፋለሳል። ባሕሩ የፈለፈለው የድንጋይ ቅስትና ገደሉ እዚያው አቅራቢያ ስለሆኑ እነርሱን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ዓመተ ምሕረቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልግለጽ። ሠፈሩ በ1830 እንጨት እየተቆረጠ የሚጫንበት ካምፕ ሆኖ ተቋቋመ፤ ከ1833 ጀምሮ ወደ ቅኝ ግዛቱ ከተላኩ በኋላ ዳግመኛ ያጠፉ ፍርደኞች የሚቀጡበት ሆነ፤ በ1877 ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት ከ12,000 በላይ ፍርዶች ተፈጽመውበታል። እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 ወደ አውስትራሊያ ካጋዘቻቸው 160,000 ከሚበልጡ ሰዎች ከ70,000 በላይ የሚሆኑት የተላኩት ቫን ዲመንስ ላንድ ትባል ወደነበረችው ወደዚህችው ደሴት ነው። ወደ ደሴቲቱ የሚደረገው ግዞት በ1853 ቆመ፤ ደሴቲቱም በ1856 ታዝማኒያ ተባለች።

አሁን ለአባትህ የሚሆነውን ልንገርህ። ከ1833 እስከ 1844 የሠፈሩ አዛዥ የነበረው ቻርልስ ኦሃራ ቡዝ የሐዲድ መንገድ አሠርቶ ነበር። ከሆባርት በመርከብ የሚመጣው ሰውና ዕቃ ወደ ፖርት አርተር ለመግባት ማዕበል የሚበረታበትን የደቡቡን ባሕር መዞር ነበረበት፤ ያንን ለማስቀረት ከታራና እስከ ሎንግ ቤይ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐዲድ በ1836 ተዘረጋ። ሐዲዱ እንጨት ነው፤ ባቡሩን የሚጎትት ሞተርም ፈረስም የለም። ፉርጎውን የሚገፉት ግዞተኞች ነበሩ፤ ዳገቱን እየሮጡ ይገፉታል፤ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ዘለው ጠርዙ ላይ ይንጠለጠላሉ። በላዩ የሚቀመጡት መኮንኖችና እንግዶች ናቸው። በአውስትራሊያ መንገደኛ ያጓጓዘ የመጀመሪያው የሐዲድ መንገድ ነው ተብሎ ይጠቀሳል። ዛሬ ከሐዲዱ የቀረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አውቶቡሱ ታራናን ስለሚያልፍ አስጎብኚው ቦታውን እንዲያሳያቸው አስቀድማችሁ ንገሩት። ኑሮው በባቡር የቆመ የከተማችን ሰው፣ ያውም ዕድሜውን ሙሉ ፉርጎ ሲያገናኝና ሲጠግን የኖረ፣ ያንን ዳገት ሲያይ የእነዚያን ሰዎች ድካም ከማንም በላይ ይገነዘባል።

ጀልባውንም አትተዉት። ወደቡ ውስጥ ሲዞር በአንድ በኩል ፖይንት ፑየርን፣ በሌላው በኩል የሙታን ደሴትን ታያላችሁ። ፖይንት ፑየር ከ1834 እስከ 1849 የወንዶች ልጆች ወህኒ ቤት ነበር፤ ከገቡት 3,000 ያህል ልጆች መካከል ገና ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ነበሩባቸው። ከትልልቆቹ እስረኞች ጋር እንዳይቀላቀሉ በባሕር ተለይተው አናጢነት፣ ጫማ ሥራና ድንጋይ ጠረባ ይማሩ ነበር። በ1837 ተሠርቶ በ1884 የተቃጠለው የቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ ላይ ያለው ጌጠኛ ድንጋይ የእነዚያ ልጆች ሥራ ነው፤ ቀርባችሁ እዩት። በሙታን ደሴት 1,000 የሚያህል ሰው ተቀብሯል። ወታደሮቹና ነፃ የነበሩት ሰዎች ከፍ ባለው በኩል በተጠረበ የመቃብር ድንጋይ ሥር ሲያርፉ፣ ግዞተኞቹ ግን በዝቅተኛው በኩል ምልክት ሳይደረግላቸው ነው የተቀበሩት። ያንን የሌሎቹን የመቃብር ድንጋይ የጠረቡት ደግሞ ግዞተኞቹ ነበሩ።

በአክብሮት ስለ ማየት የጠየቅኸው ጥያቄ የሁሉም ጎብኚ ጥያቄ ቢሆን እወዳለሁ። እኛ ኢትዮጵያውያን ባሕር ተሻግሮ መጋዝ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በእኛ አቆጣጠር ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ፋሺስቶች ብዙ መኳንንትንና የተማሩ ወገኖቻችንን ወደ ኢጣልያ አግዘው በአሲናራ ደሴት አስረዋቸዋል፤ ራስ እምሩም በፖንዛ ደሴት በግዞት ቆይተዋል። በፖርት አርተርም ዊልያም ስሚዝ ኦብራይን የተባለ የአየርላንድ ፖለቲከኛ በ1848ቱ አመፅ ምክንያት ተፈርዶበት በ1850 በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ተጠብቆ ነበር፤ ቤቲቱ ዛሬም አለች። አባትህ የእኛን ግዞተኞች እያሰቡ ያንን ቤት ቢያዩት ሽርሽር አይሆንባቸውም።


የጁገል አስጎብኚ (ሐረር)

መምህራችን ያሉት ትክክል ነው። ፖርት አርተርን በዓይኔ ባላየውም እንግዳ ማስጎብኘት የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ፣ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ፣ ፖርት አርተርም በ2010 ከሌሎች አሥር የአውስትራሊያ የግዞት ሥፍራዎች ጋር በአንድ መዝገብ ገብቷል፤ እንዲህ ባለ ቦታ የሚሠራ አስጎብኚ የሚነገረውን ከማይነገረው መለየት አለበት።

መልካም አስጎብኚ ከጉዞው በፊት ስለ እንግዳው ይጠይቃል። የአባትህን ሙያ፣ የጉልበታቸውን ነገርና ምን መስማት እንደሚወዱ እህትህ አስቀድማ ጽፋ ብትልክለት፣ ሙያውን የሚያከብር ሰው ከሆነ ይዘጋጅበታል። በዕድሜ የገፉ እንግዶች ስጠብቅ እኔ ታሪኩን የማወራው ጥላና መቀመጫ ባለበት ነው፤ እየሄዱ የሚሰማ ሰው ግማሹን አይሰማም። ትርጉሙንም አስብበት። አባትህ እንግሊዝኛ የማይከተሉ ከሆነ አንተ ከሥር ከሥር ስትተረጉም ለሁለታችሁም አድካሚ ስለሚሆን፣ ዋና ዋናውን ታሪክ እዚሁ ድሬዳዋ ሳላችሁ አስቀድመህ ብትነግራቸው፣ እዚያ የሚቀራቸው ማየት ብቻ ይሆናል።

ሌላው፣ አስጎብኚው ታሪኩን ከግዞተኞቹ መምጣት ከጀመረ፣ ከዚያ በፊት በዚያ ምድር ማን ይኖር እንደነበር ጠይቁት። ደሴቲቱ የነባሩ የታዝማኒያ ሕዝብ አገር ነበረችና፣ ያንን የሚዘል ገለጻ ጎዶሎ ነው። በሌሊት የሚደረግ የመናፍስት ጉብኝት እንዳለም ሰምቻለሁ። የሞቱ ሰዎችን ማስፈራሪያ የሚያደርግ ጉብኝት በጁገልም ቢሆን አልመራም፤ ለአባትህም አልመርጥላቸውም።


የከዚራው (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ስለ ሐዲዱ የጻፉትን ለአባቴ አነበብሁላቸው፤ ወዲያው ፍሬኑ ምን ነበር ብለው ጠየቁኝ። ዕቅዱን ለውጠናል፤ በእህቴ የእረፍት ቀን በመኪናዋ ሄደን ኢግልሆክ ኔክ ላይ ቀድመን እንቆምና፣ በግቢው ውስጥ የቦታውን አስጎብኚ እንከተላለን። የእህቴ ልጆችም አብረውን ሊሄዱ ነው፤ ታላቁ አሥር ዓመቱ ነው። በ1996 በዚያ ግቢ ስለተፈጸመው ግድያ ሰምቼ ስለነበር ልጆችን መውሰዱ ያሳስበኛል። ሳቢያን ያደገችው እህቴ፣ ምን ትመክሪኛለሽ?


ሳቢያን ያደገች (ሆባርት)

ስለ ፍሬኑ የማውቀው የለኝም፤ የቦታውን አስጎብኚ ይጠይቁት፤ ጥያቄው እንደሚያስደስተው አልጠራጠርም።

ያልኸው እልቂት የደረሰው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1996 ነው፤ አንድ ታጣቂ በግቢውና በአካባቢው 35 ሰዎች ገደለ፤ አገሪቱም ከዚያ በኋላ የጦር መሣሪያ ሕጓን እጅግ አጠበቀች። ብዙዎቹ የሞቱበት ምግብ ቤት ግድግዳው ብቻ ቀርቶ በዙሪያው የመታሰቢያ አትክልትና የውሃ ገንዳ ተሠርቷል። ወደዚያ መግባት ይቻላል፤ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መቆየት ተገቢ ነው። በዚያ ቀን ወዳጅና የሥራ ባልደረባ ያጡ ሰዎች በአካባቢው ስላሉ፣ ሠራተኞቹን ስለ ጉዳዩ ጥያቄ አለማቅረብ ነውር የሚያውቅ ጎብኚ ወግ ነው፤ የገዳዩም ስም እዚያ አይነሣም። ለልጆቹ እህትህ በቤት ውስጥ በአጭሩ ትንገራቸው፤ እዚያ ቆመው እንዲጠይቁ መተው አይገባም።

የቀረው ጉብኝት ለልጆቹ ጥሩ ነው። ታላቁ አሥር ዓመቱ ከሆነ ፖይንት ፑየር ከነበሩት ታናናሾች ጋር እኩያ ነውና፣ ጀልባው ላይ ከአያቱ አጠገብ ይቀመጥ። የጨለማውን ክፍል ግን ትንንሾቹ ይዝለሉት። በሙታን ደሴት ላይ መውረድ ለብቻው የሚከፈልበትና አስጎብኚ ያለው ጉብኝት ነው፤ መንገዱ ደረጃና አቀበት ስላለው አባታችን ከጀልባው ሆነው ቢያዩት ይሻላቸዋል። ጥር የትምህርት ቤት እረፍት ስለሆነ ሰው ይበዛል፤ ትኬቱን ከሳምንታት በፊት ያዙ። ባሕሩ ካስቸገረ ጀልባው ሊቀር ስለሚችል፣ እንደደረሳችሁ የመጀመሪያውን ጉዞ ጠይቃችሁ ውሰዱ እንጂ ለከሰዓት አታቆዩት።